ሰነፉ ጀማል

«ሰነፉ ጀማል ሞተ አሉ፤ ሰሙ?»

ይህን ያለኝ የደሎ መና አውቶቡስ ረዳት ነው። ጎባ መናኸሪያ ቆሜ ከዘመድ የተላከልኝን ማር እየተቀበልኩ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ከአውቶቡስ ረዳት ጋር መጣላት አያምርብኝም፤ ግን ደሜ ፈላ። «ማንን ነው ሰነፍ የምትለው አንተ ጎረምሳ!» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ክው አለ። «እኔ ምን አውቄ አባባ፤ ሁሉም ሰው ሲለው ሰምቼ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከጎባ እስከ ሮቤ፣ ከሮቤ እስከ ደሎ መና ሁሉም ሰው «ሰነፉ ጀማል» ነው የሚለው። እሱም ቢሆን በዚሁ ስም ሲጠሩት «አቤት» ብሎ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። እኔም ራሴ እንደዚያው ስጠራው ኖሬያለሁ። ልዩነቱ፣ እኔ ስሙ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ እንዳልናገር ደግሞ አስምሎኛል።

ማሩን ለሻይ ቤቷ ሴትዮ አደራ ብዬ ሽቅብ በሚወጣ የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጠልኩ። የሙስሊም ቀብር ማንንም አይጠብቅም፤ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በፊት መድረስ ነበረብኝ። 

በጃንሆይ ጊዜ እኔ ጭነኛ ነበርኩ። ፈረሶች ነበሩኝ፤ የምጭነው ደግሞ ሐያ ነበር። ባሌን ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ሐያ ጨውነት ያለው አፈር ነው። ሰው አይበላውም፣ ከብት ይልሰዋል። ላም ሐያ ሳትልስ ከከረመች ወተቷ ይነጥፋል፣ ፀጉሯ ይቆማል፣ ኮርማም አታስጠጋም። እና ይህ አፈር ዝም ብሎ ሜዳ ላይ አይገኝም፤ ከምድር ሆድ ውስጥ ነው የሚወጣው። ከጎባ በላይ፣ የአስታው ጫካ በሚጀምርበት አጠገብ አንድ ዋሻ አለ። ስንት ትውልድ ሲቆፍረው ኖሮ ውስጡ አዳራሽ አክሏል። ከአዳራሹ ወደ ደጅ የሚያወጣው መንገድ ግን ጠባብ ነው፤ ጠባብ ብቻም አይደል፣ ቀጥ ያለ አቀበት ነው። «ጉሮሮ» ይሉታል።

የዋሻው ሕግ ደግሞ እንዲህ ነበር። ሰው ለከብቱ የሚሆነውን ሐያ ራሱ ይቆፍራል፣ ራሱ ስልቻው ውስጥ ይሞላል፣ በራሱ ጀርባ ያወጣል። የሌላ ሰው እጅ ከነካው የከብቱ በረከት ወደዚያ ሰው በረት ይሄዳል ይባል ነበር። ስለዚህ አንዱ ስልቻውን ጀርባው ላይ አስሮ፣ ችቦውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በጉልበቱና በክርኑ እየዳኸ ጉሮሮውን ሲወጣ ሌላው ሁሉ ከሥር ተደርድሮ ይጠብቃል። የሚወርድና የሚወጣ መሐል ላይ ከተገናኙ ባዶው በሆዱ ይተኛል፤ ባለ ጭነቱ በላዩ ላይ ድሆ ያልፋል። ስልቻው ደግሞ ትልቅ መሆን አለበት! ትንሽ ስልቻ ይዞ የወጣ ሰው መሳቂያ ነው። ለራሳቸው ካወጡት የተረፈውን ለከተማ ሰው ይሸጡታል፤ እሱን ወደ ጎባና ሮቤ የማወርደው እኔ ነበርኩ። የተሸጠው ሐያ በረከት የት እንደሚሄድ አንድ ቀን ብጠይቅ ሁሉም በግልምጫ አነሱኝ፤ ደግሜ አልጠየቅኩም።

ጀማልን ያወቅኩት እዚያ ዋሻ ደጃፍ ላይ ነው። ረጅም፣ ክንደ ረጅም፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ሳይደገፍ ቆሞ አያውቅም። ዛፍ ካገኘ ዛፍ፣ ካጣ የእኔን ፈረስ ይደገፋል። ያን ቀን ፈረሴን ተደግፎ፣ እኔ ስልቻ ከመሬት አንሥቼ ፈረስ ላይ ለመጫን ሳምጥ ያየኛል።

«ያ ጌቱ» አለኝ፤ አንተ ጌቱ ማለቱ ነው፤ «ለምንድን ነው የምታነሣው?»

«ካላነሣሁትማ እንዴት አድርጌ ልጫነው?»

«ፈረሱን ዝቅ አድርገዋ!»

የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። በሌላ ቀን ስመለስ ግን ከዋሻው አፍ ሥር ያለው ቁልቁለት ተቆፍሮ አገኘሁት። ፈረሱ ጉድባው ውስጥ ገብቶ ሲቆም ጀርባው ስልቻዎቹ ከተቀመጡበት መሬት ጋር እኩል ይሆናል። ስልቻውን ገፋ ማድረግ ብቻ! ማን ቆፈረው ብዬ ስጠይቅ «እኔ» አለ። «አንዴ ለፍቼ ልረፍ ብዬ ነው። በየቀኑ መልፋት አልወድም፤ ሰነፍ ነኝ።» ዛሬ ወገቤ ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚያ ጉድባ ምክንያት ነው። ስልቻ ሲያነሡ ወገባቸው የተበጠሰ ጭነኞችን አውቃለሁ፤ ማጋነን እንዳይመስላችሁ።

ጀማል አንድ ታላቅ ወንድም ነበረው፤ ከድር ይባላል፤ ሰዉ ግን በአክብሮት ኦቦ ከድር ነው የሚለው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ጀማልን ያሳደገው እሱ ነው። በዚያ ዋሻ ከኦቦ ከድር የሚበልጥ ስልቻ ይዞ የወጣ ሰው አልነበረም። ዝምተኛ፣ ኩሩ፣ ሰው ቀና ብሎ የማያየው ዓይነት ነበር። ግን እየቆየ ደረቱ ደከመ። ከጉሮሮው ሲወጣ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ሰው እንዳያየው ከድንጋይ ጀርባ ሄዶ ይቀመጥና ያስላል። ጀማል ይህን ያያል። እኔ ደግሞ ጀማልን አያለሁ።

አንድ ቀን ኦቦ ከድር ጉሮሮው ውስጥ ቆየ። በጣም ቆየ። ጀማል እንደ ልማዱ ፈረሴን ተደግፎ ያወራል፣ ያስቃል፤ እጁ ግን የፈረሱን ጋማ ጨምድዶ ይዟል። በመጨረሻ ኦቦ ከድር እየዳኸ ብቅ ሲል ጀማል ጮክ ብሎ «ወይ አለመታደል! እኔማ ይህን ስልቻ ሳየው ብቻ ይደክመኛል!» አለና ሰዉን ሁሉ ወደ ራሱ አዞረ። ሰዉ በሱ ሲስቅ ወንድሙ ከድንጋዩ ጀርባ ሄዶ ተቀመጠ።

ያን ቀን ወደ ጎባ ስወርድ እስከ መንገድ ሸኘኝ። ቀልዱን ትቶት ነበር።

«ወንድሜ አንድ ቀን እዚያ ውስጥ ይቀራል» አለኝ።

«ይተው በለዋ!»

«ከድርን? ‹ደክመሃል› ካልኩት በነጋታው የባሰ ስልቻ ይዞ ነው የሚገባው። አታውቀውም። እሱ እንዲተው ሁሉም መተው አለባቸው። ሁሉም እንዲተዉ ደግሞ አንድ ሰው ‹አልችልም› ማለት አለበት።» ወደ ዋሻው ዞሮ አየና «እኔ እላለሁ። በእኔ ይሳቁ። እኔ መሳቂያ ብሆን ምን እሆናለሁ?» አለ። ወዲያው ቆም ብሎ «ለማንም እንዳትናገር። በማርያምህ ማል» አለኝ።

ሙስሊሙ በማርያም አስማለኝ። ማልኩ።

ከዚያ በኋላ ጀማል ሥራዬ ብሎ ሰነፍ ሆነ። የዋሻውን ሕግ የሚጠብቁት ኦቦ አማን የሚባሉ ትልቅ ሰው ነበሩ። እሳቸው ዘንድ ሄዶ «እኔ መሸከም አልችልም፤ ሰነፍ ነኝ። ስልቻዬን በገመድ ላውጣው?» አላቸው። «የማንም ሰው እጅ አይነካውም፤ ገመድ እጅ የለው» ብሎ ሞገታቸው። ሳቁና ፈቀዱለት። ጠፍር ገምዶ ረጅም መጫኛ ሠራ። ስልቻው ቁርበት ላይ ይቀመጣል፤ የመጫኛው አንድ ጫፍ ከቁርበቱ፣ ሌላው ከእኔ ፈረሶች ጋር ይታሰራል፤ እኔ ደጅ ሆኜ ፈረሶቹን ስነዳ ስልቻው ጉሮሮውን እየተንሸራተተ ይወጣል። አጀብ አሰኘ! በመጀመሪያው ቀን የሳቁት በማግስቱ «የኔንም፣ የኔንም» አሉ። ኦቦ ከድር እንኳ ስልቻውን ሰጠ። ግን ሐያውን ብቻውን አለቅም ብሎ ከቁርበቱ ኋላ ኋላ እየዳኸ ይከተለዋል።

አሁን የሠራነውን ስሕተት ስሙ። ያ መጫኛ ቀኑን ሙሉ በሐያው ላይ ሲጎተት ይውላል፤ ጨዉን ጠግቧል። እኛ ደግሞ ማታ ሲሆን እንዲደርቅ ብለን ደጅ ዘርግተነው እንሄዳለን። ዋሻው ደጃፍ ደግሞ ሐያ ፍለጋ የመጣ ከብት ሲርመሰመስበት ያድራል። ከብት አርቢ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ከከብት ጋር አብሮ ያደገ ሰው ሁሉ እያለ፣ ይህን ያሰበ አንድ ሰው ጠፋ! ላሞቹ መጫኛውን ሲልሱት፣ ሲያኝኩት አድረው አላመውታል። ላዩን ሲያዩት ደህና ነው።

ጠዋት ኦቦ ከድር ስልቻውን ተከትሎ ጉሮሮው መሐል ሲደርስ መጫኛው ጧ ብሎ ተበጠሰ። ፈረሶቹ ወደፊት ተወረወሩ። ቁርበቱ ከነስልቻው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ኦቦ ከድር ላይ አረፈ። ጀማል እንዴት እንደገባ አላየሁትም፤ ተደግፎ የቆመበት ቦታ ባዶ ሆኖ ነው ያየሁት። ወንድሙን በብብቱ ይዞ፣ ወደ ኋላ እየዳኸ ጎትቶ አወጣው። ትከሻው ወልቆ ነበር እንጂ ነፍሱ አልወጣችም። ኦቦ አማን በዚያ ሰው ሁሉ ፊት «ስንፍናህ ሰው ሊገድል ነበር!» ሲሉት ጀማል አንገቱን ደፍቶ «አዎ ኦቦ» አለ። አንጀቴን በላው። መሐላዬ ባይኖር ኖሮ እዚያው እለፈልፈው ነበር።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ኦቦ ከድር ወጌሻ ትከሻውን መልሶለት ሲሻለው «ገመድ የልጅ ጨዋታ ነው። እንደ ድሮዬ በጀርባዬ አወጣዋለሁ» አለ። ትልቁን ስልቻውን ዘይት አስቀባው። ይህን ካለ የሚመልሰው አልነበረም። ጀማል ከሰውነት ወጣ፤ ቀልዱም ጠፋ። እኔ ጋ ይመጣና ፈረሴን ተደግፎ የዋሻውን አፍ ሲያይ ይውላል።

በዚያው ሰሞን አደ መርየም የሚባሉ ባልቴት በመንደሩ አረፉ። እኔም ቀብር ሄድኩ። ጀናዛው ወደ መቃብር ሲሄድ እንዴት እንደሚሆን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ማንም ብዙ አይሸከምም፤ ከፊት ያለው ትከሻውን ያወጣል፣ ከጎን ያለው ይተካል፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል። ጀማል ተራው ሲደርስ ተሸክሞ ሲያቀብል ሳየው ፊቱ ተለወጠ። ከቀብር መልስ ሰዉ ሜዳው ላይ እንደተቀመጠ ተነሥቶ ቆመ። ምንም ሳይደገፍ ነው የቆመው፤ በሕይወቱ መጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ኦቦ አማን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «አደ መርየም ልጆች አሏቸው። ለምን ልጆቻቸው ብቻቸውን አልተሸከሟቸውም?»

«ምን ማለትህ ነው? ጀናዛ የሁሉም ነው። እየተቀባበሉ ነው የሚሸከሙት። አጅር አለው፤ አላህ ይከፍልበታል።»

«እኔም አንድ ጥግ ተሸክሜ ነበር። ታዲያ ከልጆቻቸው በረከት ወሰድኩባቸው?»

«አስተግፊሩላህ! እንዲያውም ለሁሉም ይደርሳል እንጂ!»

«እንግዲያው ሰውን የሚያህል ነገር እየተቀባበልን እየወሰድን፣ አፈርን ለየብቻ የምንሸከመው ለምንድን ነው?» አለ ጀማል። ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር ያን የለመድነውን ፊቱን አወጣው። «እናንተማ ጎበዞች ናችሁ፤ ትችላላችሁ። እኔ ሰነፉ አልቻልኩም። ወላሂ ደከመኝ! በጉሮሮው ውስጥ በየቦታችን እንቁም። ስልቻው ይሂድ፣ ሰው ይቁም። ለእኔ ለሰነፉ ስትሉ አንድ ቀን ብቻ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ አማን አልሳቁም። ጺማቸውን ሲያሻሹ ቆይተው «ስልቻው ሲቀላቀልስ? የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አሉ። ጀማል ይህንንም ቀድሞ አስቦበት ኖሯል። «እያንዳንዱ ሰው ከገዛ ላሙ ጅራት ፀጉር ነጭቶ የስልቻውን አፍ ይሰርበት። በረከቱ በላሙ ፀጉር ታስሮ ወዴት ይሄዳል?»

«አንድ ቀን» አሉ ኦቦ አማን።

ያ ቀን ደረሰ። ኦቦ ከድር ያን ዘይት የጠጣ ትልቅ ስልቻውን ተሸክሞ መጣ። ጀማል ግን ሁሉንም ሰው ትንንሽ ስልቻ አሲዟል፤ «ትልቁ ጉሮሮው ላይ ይቀረቀራል፤ ትንሹ እየሮጠ ያልፋል» ብሎ። ከዚያ ሰዉን እየጠራ ይደለድል ጀመር። አንተ ከሥር፣ አንተ ከጥጉ፣ አንተ ከዘቅዛቃው። ከሁሉም ጠባብ የሆነውን፣ በሆድ ካልተተኛ የማይሠራበትን ቦታ ለራሱ ያዘ። «ተኝቼ የምውልበትን ሥራ ለሰው አልሰጥም» አለ። ደግሞ ሳቁ።

በመጨረሻ «ኦቦ ከድር በሩ ላይ ይቁም» አለ።

ሳቁ ቆመ። በሩ ላይ ንጹሕ አየር አለ፤ ዳገት የለም። ኦቦ ከድር «ለምን?» አለው። እኔ ደጅ ቆሜ የጀማልን አፍ አፉን አየሁ። አንዲት የአዘኔታ ቃል ከአፉ ካመለጠች ሰውዬው ትልቁን ስልቻ ይዞ እንደሚገባ አውቃለሁ።

«የላሙን ሁሉ ጅራት ለይቶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል» አለ ጀማል። «ስልቻው ሲወጣ ፀጉሩን አይቶ ‹ይሄ የእከሌ ነው› ብሎ የሚጣራ። ከተሳሳተ በረከቱ ተሳሳተ ማለት ነው። ካንተ በላይ ከብት የሚያውቅ ካለ እሱ ይቁም።»

ኦቦ ከድር ወንድሙን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ትልቁን ስልቻ መሬት ላይ አስቀመጠና ሄዶ በሩ ላይ ቆመ።

«ቀቢ!» የሚል ድምፅ ከምድር ሥር ተሰማ። ያዝ ማለት ነው። «ቀቤ!» ያዝኩ ይላል ሌላው። ቀቢ፣ ቀቤ፣ ቀቢ፣ ቀቤ፣ እያለ ድምፁ እየቀረበ መጣና የመጀመሪያዋ ስልቻ ብቅ አለች። ኦቦ ከድር ፀጉሩን በጣቱ ዳብሶ «ቡሬ! የኦቦ አማን ቡሬ!» ብሎ ተጣራ። ሌላ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ሐያ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ወጥቶ አለቀ። ማንም በማንም ላይ አልዳኸም። ኦቦ ከድር አንድም ጊዜ አላሳለም። ከድንጋዩም ጀርባ አልሄደም።

ጀማል የወጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ክርኑ ተልጦ፣ ሆዱ ተፋፍቆ፣ ደምና ሐያ ሆኖ። ጉድባዬ ውስጥ የቆመውን ፈረስ ሄዶ ተደገፈና «አይ ሥራ! ተኝቼ ዋልኩ» አለ። «ሰነፉ ጀማል» ያን ቀን ነው ጸንቶ የቀረው።

ከዚያ ወዲህ ከዚያ ዋሻ ለየብቻ የተሸከመ ሰው የለም። የጅራቱም ፀጉር እስካሁን ይታሰራል። ኦቦ ከድርም ከአቧራው ሲርቅ ሳሉ ተወው። ጀማል ግን ከፈለበት፤ አትርሱት። የወደዳት ልጅ ቤት ሽማግሌ ቢልክ «ለሰነፍ ልጅ አንሰጥም» ብለው መለሱበት። ንዴት ሊገድለኝ ደረሰ። «እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» ስለው «በማርያምህ ምለሃል» አለኝ። በኋላ ደህና ሴት አገባ፣ ወለደ፣ ተመስገን። ያቺን ልጅ ግን ገበያ ላይ ሲያያት የሚደገፈው ነገር ሲፈልግ አይቻለሁ።

መኪናው አውርዶኝ ስደርስ ጀናዛው ወደ መቃብሩ እየተወሰደ ነበር። ዝናብ ዳገቱን ጭቃ አድርጎታል፤ መራመድ አይቻልም። ሰዎቹ ማንም ሳያዛቸው መንገዱን ግራና ቀኝ ተደርድረው ቆሙ፤ ቃሬዛው ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ወጣ። እኔም መሐላቸው ገባሁ፣ ደረሰኝ፣ አሳለፍኩት። ቀላል ነበር። አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ!

መቃብሩ አጠገብ ኦቦ ከድር በምርኩዝ ቆመዋል። ዛሬ እሳቸውም አንቱ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሼኹ እንደ ወጉ ወደ ሰዉ ዞረው «እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ደግ ነበር!» አለ ሰዉ ሁሉ። «አላህ ይማረው፣ ደግ ነበር!»

«አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ ኦቦ ከድር።  «ወንድሜ ሰነፍ አልነበረም። ደረቴ ደክሞ ነበር፤ እሱ ያውቃል። እኔ እንዳላፍር ብሎ እሱ ሰነፍ ነኝ አለ። በሩ ላይ ያቆመኝ ቀን ገብቶኛል፤ ገብቶኝ ዝም አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ስም ስትጠሩት እየሰማሁ ዝም አልኩ። በዚያ ዋሻ ውስጥ እንደ እሱ የተሸከመ የለም፤ የተሸከመው እኔን ነው።»

ለካ አንዱን ምስጢር ሁለት ሆነን ስንጠብቀው ኖረናል።

 ሼኹ አንገታቸውን ደፉ። ኦቦ ከድር አፈር ለመጣል ከጉብታው ላይ እፍኝ ዘገኑ፤ ግን ጭቃው አዳልጧቸው ወደ ጉድጓዱ አፍ መጠጋት አልቻሉም። እፍኛቸውን እንደጨበጡ ቆሙና ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆምኩትን እኔን ዞር ብለው አዩኝ። በመሐላችን አንድ ክንድ ያህል ነበር። እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ቀቢ» አሉኝ።

እጄን ከሥር አደረግኩ። አፈሩ እርጥብ ነበር።

«ቀቤ» አልኳቸው።